ያልቀለጡት ናሙናዎች

«የተነካ ነገር አለ?» አለ ሻምበል አብተው ከፖሊስ መኪናው እየወረደ።

«የለም፣ ጓድ ሻምበል። ሁሉም ደህና ናቸው፤ አንዱም አልቀለጠ» አለ የቤተ ሙከራው ሾፌር ደገፋ።

«እነማን?»

«የእንሽላሊቶቹ ጉበቶች።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሬሳው ነው።»

ደገፋ ወደ ናሙናው ክፍል መራው።

ጥር 1980 ነበር። ናዝሬት ዳር ባለች ትንሽ ቤተ ሙከራ፣ ዶክተር ወልደአማኑኤል መስኮት በሌለው የናሙና ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ቁስል የለበትም። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ያለው የፕላስቲክ ንጣፍ ተሰነጣጥቋል። ናሙና ከሚያቀዘቅዙት የፈሳሽ ናይትሮጅን ጋኖች አንዱ በሩ አጠገብ ባዶውን ቆሟል፤ ናሙናዎቹ ያሉበት ሌላው ኮሪደሩ ላይ ወጥቷል።

«ልቡን ያመው ነበር» አለች የሟች ሚስት ዘውድነሽ።

«እርስዎ እዚህ ይመጡ ነበር?»

«ቁልፍ አለኝ፤ ግን እንሽላሊት ያንገሸግሸኛል። ያንን ጋን አንድ ቀን ከነጉዱ እደፋዋለሁ ብዬዋለሁ!»

ደገፋም ከዶክተሩ ጋር መጋጨቱን አልካደም። «ሰድበውኛል። የወለንጪቲውን ከመቂው ቀላቀልክ አሉኝ። ለእኔ ሁሉም እንሽላሊት ነው።»

የረዳት ተመራማሪዋ የሸዋወርቅ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። «መልካቸው አንድ ነው። ዲኤንኤያቸው ሲነበብ ግን ከተለያዩ ብዙ ዘመናቸው ነው።»

አብተው ኮሪደሩ ላይ ያለውን ጋን አስከፍቶ ብልቃጦቹን በሟች ኪስ ከተገኘው የናሙና መዝገብ ጋር አመሳከረ። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበ።

«ናይትሮጅን ሽታ የለውም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲደፋ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፣ ሰው ታፍኖ ይሞታል፤ ቅዝቃዜው ንጣፉን ይሰነጥቃል። ሟች በሩን ከውጭ አይቀረቅርም። ገዳዩ ግን አስቀድሞ ናሙናዎቹን ወደ ሌላው ጋን አዛውሮ አትርፏል። ወይዘሮ ዘውድነሽ ቢሆኑ ሁሉንም በደፉት ነበር። ደገፋ፣ ትናንት ብልቃጦቹ እንዴት ነበሩ?»

«በቁጥር ተራ።»

«አሁን በዝምድናቸው ነው የተደረደሩት፤ የወለንጪቲው ከወለንጪቲ፣ የመቂው ከመቂ። ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ያለ ዶክተሩ ዝምድናቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሸዋወርቅ። እጅሽ እንደለመደው ነው ያዛወርሻቸው።»

ሸዋወርቅ ቀና ብላ አየችው።

«በሰባ ዓመተ ምህረት ዶክተሩ ወንድሜን ለቀበሌ አሳልፎ ሰጠ። አስከሬኑን እንኳ አላገኘንም። ሲቀጥረኝ የማን እህት እንደሆንኩ አላወቀም። በሩን ስቀረቅር የወንድሜን ስም ነገርኩት። ሰምቶኛል።»

«ታዲያ ናሙናዎቹን ለምን አተረፍሽ? እነሱ ናቸው የያዙሽ።»

«እንሽላሊቶቹ ምን አደረጉኝ?»

ነጭ ጋውኗን አውልቃ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ፖሊስ መኪናው ሄደች። ደገፋ ናሙናዎቹ ሳይቀልጡ እንዲነበቡ ጋኑን በቤተ ሙከራው ላንድሮቨር ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ነዳ።