የምስር መሰሎቹ ዝርዝር

የፕሮፌሰሩ አስከሬን የተገኘው በጠራራ ፀሐይ፣ የሰማይ ጥናት ማዕከሉ ሠራተኞች ከምሳ ሲመለሱ ነበር። የድሮ የሰማይ ፎቶግራፎች በሚቀመጡበት የማኅደር ክፍል ውስጥ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። መጀመሪያ ያየቻቸው የዶክትሬት ተማሪያቸው ናት፤ ባልደረቦቿ «ምስር» የሚሏት። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች እንጂ አልጮኸችም። ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣባት ሀፍረት ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገረችም።

መርማሪዋ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። አስከሬኑ ሲነሳ ከሥሩ አንድ የተጨማደደ ወረቀት አወጣች። አነበበችው፤ ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በስብሰባ ክፍሉ ተቀምጣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠራች።

«ከሰውየው ጋር ተጋጭተሽ ነበር አሉ» አለቻት ምስርን።

«ትናንት በሥራ ጉዳይ ተከራክረን ነበር። በሰው ፊት ‹ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል› አልኳቸው።» አንገቷን ደፋች።

«ስለ ምን?»

«በአንድ ክምችት ውስጥ ተሰብስበው ስለሚገኙ ጋላክሲዎች ነው። ሞላላዎቹ እንደ እንቁላል ያበጡ ናቸው። ምስር መሰሎቹ ደግሞ በውስጣቸው እንደ ሳህን የተዘረጋ ስስ የከዋክብት ንጣፍ አለ። ምስርን ከጎኗ ካዩዋት ስስ ናት፤ ከፊት ለፊት ካዩዋት ግን ክብ ናት፤ ከሞላላው አትለይም። ለመለየት ብርሃኑ ከመሃል ወደ ጠርዝ እንዴት እንደሚቀንስ መለካት ያስፈልጋል። በጋሼ መጽሐፍ ሞላላ ከተባሉት ውስጥ ዘጠኙ ምስር መሰል ናቸው ብዬ ነው የተከራከርኩት።»

«ዘጠኝ ብቻ?»

«እኔ የለካሁት ዘጠኝ ነው።»

«ዛሬ ከምሳ በፊት የት ነበርሽ?»

«ቢሮዬ» አለች ምስር። ጆሮዋ ጋለ።

ቀጥሎ የገባው ወፍራሙ ቴክኒሻን ነው። «ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ከአፏ ምስር አይጠፋም» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ተወው። «ፕሮፌሰሩ አዲስ ልኬት አዘው ነበር። አምስት ሰዓት ላይ አትሜ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሌላ ቅጂ የለም። እኔ ቁጥሩን አትማለሁ እንጂ ትርጉሙ አይገባኝም። ከዚያ እስከ ስምንት ሰዓት ከዘበኛው ጋር ጣሪያ ላይ ሞተር ስንጠግን ነበር።»

በመጨረሻ የፕሮፌሰሩ ምክትል ገባ፤ ሸሚዙ ጥርት ብሎ የተተኮሰ ሰው።

«ከትናንት ወዲህ አላየኋቸውም» አለ። «የነገውን ንግግሬን ቤቴ ሆኜ ሳዘጋጅ ነው የዋልኩት።»

«የመጽሐፉን ልኬት የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ሽማግሌውን አሳሳተቻቸው። አሥራ ሰባት ጋላክሲ በአንድ ጠዋት ምስር መሰል ይሆናል እንዴ?»

መርማሪዋ መነጽሯን በጃኬቷ ጫፍ ጠረገች። «አመሰግናለሁ» አለችው።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የፕሮፌሰሩ ባለቤትም መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«ይህ ወረቀት አምስት ሰዓት ላይ የታተመው ነው» አለች፣ ከኪሷ እያወጣች። «ፕሮፌሰሩ በእርሳስ ‹ሞላላ› የሚለውን እየሰረዙ ‹ምስር መሰል› ብለው ጽፈዋል። ቆጠርኩት፤ አሥራ ሰባት ቦታ ነው። ጠርዙ ተቀዷል፤ ሁለት ሰው ጎትቶታል ማለት ነው። ከዚያ ከአስከሬናቸው ሥር ሆኖ ቆየ፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ተማሪዋ የምታውቀው ዘጠኝ ነው። ቴክኒሻኑ የቁጥሩ ትርጉም አይገባውም፤ ደግሞ ጣሪያ ላይ ነበር።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «እርስዎ ቤትዎ ሆነው አሥራ ሰባት መሆናቸውን እንዴት አወቁ?»

«አልለካኋቸውም» አለ ምክትሉ። «ክብ ሆኖ የታየኝን ሁሉ ሞላላ ብዬ ቁጥሩን ፈጠርኩት። ነገ በጉባኤ ፊት ሊያርሙት ነበር። መሰላሉ ላይ ሆነው ወረቀቱን ሲያሳዩኝ ሳብኩት፤ እሳቸውም አብረው መጡ።»

«ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፋሽ ነበራቸው ብሏል። ለምን ሰው አልጠሩም?»

«ምን ብዬ ልጥራ?» አለ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

ፖሊሶች ሲወስዱት ምስር ከወንበሯ ተነሳች።

«እኔም ዋሽቻለሁ። ቢሮዬ አልነበርኩም» አለች፣ ወደ ፕሮፌሰሩ ባለቤት ዞራ። «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው መጥቼ በሩ ላይ ነበርኩ። ጭቅጭቅ ሰማሁ፤ ‹ልጅቷ› ሲባል እኔን የሚያሙኝ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ካርቶን ነው ብዬ … መግባት አፍሬ ወደ ምሳ ሄድኩ።»

ሴትየዋ ወደ እሷ ዞሩ።

«ጠዋት ሲወጡ ‹ልጅቷ ልክ ከሆነች ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ› ብለውኝ ነበር» አሉ። «ልክ ነበርሽ ማለት ነው።»

ለምስር ከዚህ ይልቅ ስድብ ይሻላት ነበር።

ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና፣ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ያዢኝ። ደረጃው ይከብደኛል።»

ምስር ክንዳቸውን ደግፋ ደረጃውን አንድ በአንድ አወረደቻቸው። እስከ መኪናው ድረስ ቀና ብላ አላየቻቸውም።