አልቀመጥም

ያለምዘውድና ልዑልሰገድ የተዋወቁት በጠብ ነው። ካርልተን ትራም ፌርማታ ላይ፣ ለአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ለአቦርጂናሎች፣ መብት ለሚደረግ ሰልፍ በራሪ ወረቀት ስታድል አንዱን ለእሱ ሰጠችው። ተቀበላት፤ አመሰገነ፤ ከዚያ ዝናብ ያረጠበውን አግዳሚ ወንበር አየና ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀመጠበት።

«ወንድም፣ እሱ እኮ የተጻፈው ሊነበብ ነው» አለችው በአማርኛ። ሀበሻ መሆኑን ለማወቅ ፊቱን ማየት በቂ ነበር።

ብድግ አለ። ወረቀቱ ሱሪው ላይ ተለጥፏል። ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን ዓይኑን ተክሎባት ቀረ። ትራሙ መጥቶ ሲሄድም አልተሳፈረም።

«እንግዲያው ንገሪኛ፣ ምን ይላል?» አላት።

ነገረችው። አንድ ዓመት ሙሉ ስትነግረው ከረመች። እሷ የሕግ ተማሪ ናት፤ ዝም በይ ሲሏት ድምጿ የሚጨምር ዓይነት። እሱ ሰንሻይን ዌስት ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሺፍት የሚሠራ ቁጥብ ልጅ። ስታወራ ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም። ወደዳት። እሷም ወደደችው፤ ምን ይደበቃል።

በፈረንጆቹ 2015 የካቲት ላይ ሽማግሌ ላከ።

አባቷ ጋሼ አምደሚካኤል ፊትዝሮይ፣ ከመንግሥት ኪራይ ፎቆች በአንዱ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1957 የካቲት አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ከወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። በኋላ ደርግ ሁለት ጓደኞቻቸውን ገደለባቸው፤ እሳቸው በስደት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ዘመን ቤታቸው ውስጥ አይወራም። ያለምዘውድም ያወቀችው እናቷ በሕይወት ሳለች በሹክሹክታ ነግራት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዋ ግቢ ውስጥ የመታሰቢያ ዝግጅት አለ። የሲድኒ ተማሪዎች አውቶቡስ ተከራይተው፣ አቦርጂናሎችን ከመዋኛና ከሲኒማ የሚያባርሩ የገጠር ከተሞችን ሊጋፈጡ ከወጡ ሃምሳ ዓመት ሆነ። የአዲስ አበባ ተማሪዎች የወጡትም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አንስታ እንድትናገር የተመረጠችው ያለምዘውድ ናት።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ቁጭ በሉ ቢባሉ እንደ ወጉ እምቢ አሉ፤ ጉዳዩ ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም። ልዑልሰገድም እንደ ወጉ ታች መኪናው ውስጥ ቀረ። ያለምዘውድ ጓዳ ሆና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ልጄን እሰጣለሁ» አሉ አባቷ። «ግን መድረክና ሰልፍ የሚባለውን ነገር ትተው። ከቅዳሜው ይጀምር። ለዚህ ዋስ ትሆናላችሁ?»

«ይኼማ ምን ገዶን!» አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ ጋሼ ደመላሽ። «ልጁም ያሏችሁን ሁሉ እሺ በሉልኝ ብሎናል። ዋስ ነን!» ብለው ሊቀመጡ ወንበር ሳቡ።

የጓዳው በር ተከፈተ።

«ጋሼ ደመላሽ፣ ይቅርታ፣ አይቀመጡ» አለች ያለምዘውድ። «የእኔ ጉዳይ አልተሰማም።»

«ያለም! ግቢ!» ብለው አባቷ ጮኹ።

«አልገባም። አልቀመጥምም።» ስልኳን አውጥታ ደወለች። «ልዑል፣ አሁኑኑ ውጣ።»

ልዑልሰገድ ሊፍቱን መጠበቅ አቅቶት ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ እያለከለከ ገባ። የሚለመንለት ልጅ በሽማግሌ መሀል! ጋሼ ደመላሽ አማተቡ።

«ያሏችሁን ሁሉ እሺ በሉ ብለሃል?» አለችው።

«ብያለሁ።»

«መድረክ ላይ እንዳልወጣ ዋስ ገቡልህ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ቤት ግዛ ይሉኛል፣ ድግስ አብዛ ይሉኛል ብዬ ነው እኮ። ይህን ይጠይቃሉ ብዬ አላሰብኩም።» ወደ አባቷ ዞሮ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ይማሩኝ፣ በዚህ ዋስትና አልወስዳትም። ዝም ያለችዋን አላውቃትም። እኔ የምለምንዎ ይቺኑ ነው።» ሄዶ አጠገቧ ቆመ።

ለዚያች አንዲት ደቂቃ ስትል ዕድሜ ልኳን ልትወደው እንደምትችል ገባት።

«እናንተ ምን ታውቃላችሁ?» አሉ ጋሼ አምደሚካኤል ድምፃቸው ተሰብሮ። «እኔ ጓደኞቼን አልቀበርኩም። ሬሳ የለ፣ ለቅሶ የለ። አሁን ደግሞ እሷን ልገብር?»

«አባዬ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ስማቸውን እንኳ አላውቅም። አንተ ዝም ስላልክ ገዳዮቻቸው ምን ጎደለባቸው?»

አባቷ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው አመሩ።

«ያላንተ ምርቃት አላገባም። ቅዳሜ ግን እናገራለሁ።»

«እኔም እጠብቃታለሁ» አለ ልዑልሰገድ።

አባቷ መኝታ ቤት ገብተው ዘጉ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ያለምዘውድ ደረጃው ላይ የልዑልሰገድን ትከሻ ተደግፋ አለቀሰች። ሳምንቱን ሙሉ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም።

ቅዳሜ ልዑልሰገድ ሺፍቱን ቀይሮ ከፊት ተቀመጠ። ያለምዘውድ መድረኩ ላይ ወጥታ በእንግሊዝኛ ስለ አውቶቡሱና ስለ መዋኛው ተናገረች። አዲስ አበባ ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝግ አለ።

«ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ሁለቱ የአባቴ ጓደኞች ነበሩ። ስማቸውን አላውቅም።»

«ቀነዓ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሼ አምደሚካኤል የጋሼ ደመላሽን ክንድ ይዘው ቆመዋል። «አንደኛው ቀነዓ ነው» አሉ በአማርኛ። «ሁለተኛው ወልዴ። ወልዴ እንዳንቺ ነበር፤ አፉን የሚያስይዘው አልተገኘም።»

ትንፋሽ ወሰዱና ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «በል ደመላሽ፣ ልጁም ይኸው፣ ልጅቷም ይቺው። ሰጥቻለሁ። ዋስም አልፈልግም!»

አማርኛ የማይሰሙት ፈረንጆች ነገሩ ባይገባቸውም አጨበጨቡ። ልዑልሰገድ እንባውን በእጅጌው ጠረገ፤ ወደ እሷ ሊሮጥም ከወንበሩ ተነሣ። ያለምዘውድ በእጇ ቆይ አለችው። እያለቀሰች የሁለቱን ስም በማይክሮፎኑ ደጋግማ ጠራች፤ ንግግሯም ገና ግማሽ ላይ ነበረና ቀጠለች።