የሙሽሪት ቁጥር

ቅዳሜ ቅዳሜ መዝጋቢው ከቤት ሲወጣ ጥርስ ሠሪዋ በሩን ትቆልፍና ሽጉጦቹን ትቆጥራለች። ሠላሳ አንድ። ጎሽ፣ ዛሬም አልጎደለም። ከዚያ መጋረጃው ሥር ተሸሽጋ ቀይ ሹራቡ ከመንገዱ ማዶ እስኪጠፋ ታየዋለች። በሌብነት የጠረጠረችውን ሰው እንዲህ በዐይኗ መሸኘቷ ራሷንም ያሳፍራታል።

ሽጉጦቹ የአባቷ ናቸው። ሰፈሩ «ሻለቃ» ቢላቸውም ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሹም እንጂ ወታደር አልነበሩም። እንኳን ሊተኩሱ በር ሲላተም የሚደነግጡ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ጥንታዊ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦችን የሰበሰቡት ለውበታቸው ብቻ ነው። አሁን ዐይናቸው ስለደከመ ስብስቡን ለከተማው ሙዚየም ሊሰጡ ወሰኑ፤ ሙዚየሙም ይህን ወጣት መዝጋቢ ላከ።

ከሁሉም የምትበልጠው «ሙሽሪት» ያሏት ናት። እጀታዋ የዝሆን ጥርስ ነው፤ ጎኗ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾባታል። ዋጋዋ ግን ቁጥሯ ላይ ነው። አካሏ ላይ 317 ተመትቷል፤ ስድስቱን ጥይት የምትይዘው ተሽከርካሪ ብረት ላይም ያው 317 መኖር አለበት። ሻለቃው ይህችን ብረት «ሆዷ» ይሏታል። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ሆዷ የሌላ ሽጉጥ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ሻለቃው አንድ ተንኮል ነበረቻቸው። ስብስቡን ሊያይ እንግዳ ሲመጣ የሙሽሪትን እውነተኛ ሆድ ካልሲ መሳቢያቸው ውስጥ ይደብቁና 582 የሚል የሌላ ሽጉጥ ሆድ ይገጥሙባታል።

«አይቶ ከነገረኝ ጨዋ ነው» ይላሉ። «ካላየ ሥራውን አያውቅም። አይቶ ዝም ካለ ግን ሌባ ነው፤ በኋላ ሊያታልለኝ ያሰበ።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ መዝጋቢው ሙሽሪትን አንሥቶ አጉሊ መነጽሩን አስጠጋ። ጥርስ ሠሪዋ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንጀራዋ የፀጉር ያህል ክፍተት ማየት ነውና፣ ጣቱ ሆዷ ላይ ሲደርስ ቀጥ ማለቱ አላመለጣትም። አይቷል! ቀና ብሎ አባቷን ተመለከተ፤ ከዚያ እሷን። ሙሽሪትንም ቀስ አድርጎ አስቀመጣት።

«እንዴት ናት፣ ልጄ?» አሉ ሻለቃው።

«በጣም ታምራለች፣ አባባ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሁለተኛውም ቅዳሜ ዝም፣ ሦስተኛውም ዝም። የባሰ ያበሳጫት ደግሞ ሰውየው የሚወደድ መሆኑ ነው። አባቷን ክንዳቸውን ይዞ ደረጃ ያወርዳቸዋል። የሠራቻቸውን ሰው ሠራሽ ጥርሶች እያገላበጠ ያስቃታል።

«አንዱን ጥርሴን ባወልቀው ትተኪልኛለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«መጀመሪያ አፍህን ክፈት» አለችው፣ ዐይን ዐይኑን እያየች።

ዐይኑን ሰበረ። ተናገር እንጂ አንተ ሰው፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናገርና ልውደድህ፣ አለች በልቧ።

በአራተኛው ቅዳሜ መዝገቡን ሰርቃ አየችው። የሠላሳዎቹ ሽጉጦች ሁኔታ ተጽፏል፤ የሙሽሪት ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ይቺ ለምን ተዘለለች?»

«ጊዜ ስጪኝ፤ እጽፈዋለሁ» አለ፣ ፊቱ ቀልቶ።

ሊያጭበረብር ቦታ እያመቻቸ ነው ማለት ነው። በቃ፣ ተበላን!

በአምስተኛው ቅዳሜ ስኳር ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ፣ አባቷ ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል። መዝጋቢው በአንድ እጁ ሙሽሪትን ይዞ በሌላው አንድ ነገር ኪሱ ውስጥ ይከታል።

«ኪስህን አራግፍ!»

«እባክሽ ቀስ በዪ፣ አባባ ይሰማሉ።»

«ይስማ!»

አራገፈ። የወጣው የሆዷ ልክ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀትና የታሰሩ ደብዳቤዎች ነበሩ። የላዩን ገለጠችው። በሌላ ከተማ ያለ ሰብሳቢ የላከው መልስ ነው፦ «317 ቁጥር ያለው ሆድ እኔ ዘንድ የለም። እንዳሉኝ ለአዛውንቱ ምንም አልተነፍስም። የሚፈልጉትን ሆድ ልክ ይላኩልኝና ጓደኞቼን ልጠይቅ።» ሌሎቹም እንዲሁ ነበሩ።

«የሆነ ሰው አታሏቸዋል» አለ መዝጋቢው በሹክሹክታ። «ዐይናቸው ደክሟል፣ አላወቁም። አርባ ዓመት የወደዷትን፣ ሆዷ የሌላ ነው ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው? ሙሉ ናት ብዬም ውሸት መጻፍ አቃተኝ። ሳይሰሙ እውነተኛውን ሆድ ፈልጌ ልገጥምላቸው ነበር።»

ጥርስ ሠሪዋ ኩም አለች። «አባዬ ራሱ ነው የለወጣት። አንተን ሊፈትን።»

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ስትወጣም ሽጉጦቹን እቆጥር ነበር።»

«አራቱንም ቅዳሜ?»

ሹራቡን ለበሰ፤ መዝገቡን እንኳ ሳያነሣ ወጣ። ያን ቀን መስኮቱ ጋ ለመሄድ ድፍረት አጣች።

«ሌባ አይደለም ማለት ነው?» አሉ ሻለቃው፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። ለካ ነቅተው ሁሉን ሰምተዋል።

«አይደለም፣ አባዬ። እኔ ነኝ የበደልኩት።»

ሻለቃው ተነሡ። መሳቢያቸውን እየዳበሱ ከካልሲ ውስጥ ያወጡትን ብረት መዳፏ ላይ አኖሩት።

ሰኞ ቀትር ላይ መዝገቡንና በመሐረብ የጠቀለለችውን ሆድ ይዛ ሙዚየሙ ምድር ቤት ወረደች። መዝጋቢው በመደርደሪያዎች መሐል ተቀምጦ የዕቃ መለያ ክር ይቋጥር ነበር። ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ብዙ ጊዜ መረመረው።

«አላመንከኝም?»

«ከአንቺ ተምሬ ነው» አለ፤ አልሳቀም።

«ልክ ነህ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሽጉጦቹን ቆጥሬ ስጨርስ መስኮቱ ጋ ሄጄ እስክትጠፋ አይህ ነበር። ሌባ ነው ብዬም አይህ ነበር። ወድጄህ ነዋ!»

እጁ ክሩ ላይ ቀረ። ከላይ የጎብኚዎች እግር ኮሽታ ይሰማል።

መዝገቡን ገፋችለት። «ጻፍ እንግዲህ።»

«ሳትገጠም አልጽፍም» አለና ሹራቡን አነሣ።

መንገዱን ጎን ለጎን ሄዱ፤ ግማሹ ላይ ሲደርሱ እጇን ያዛት። ቤት ሲገቡ ሻለቃው ሙሽሪትን ጭናቸው ላይ አድርገው ሆዷን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ገጠሟት። ቀጭ አለች። መዝጋቢው ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየና ባዶው ቦታ ላይ «ሙሉ» ብሎ ጻፈ።

ወደ ሥራው ሲመለስ ጥርስ ሠሪዋ በሩን አልቆለፈችም።

«ቆጠርሽ?» አሉ ሻለቃው ከወንበራቸው።

«ምኑን?»

«ሽጉጦቹን ነዋ!»

«አንተ ቁጠራቸው» አለች፣ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር እየከፈተች። ከመንገዱ ማዶ ቀዩ ሹራብ ዞር ብሎ እጁን አነሣላት።