አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት

ብርዱ ሲጠና ሰማዩ ጥርት ይላል ብሎ፣ መምህሩ በሞተር ሳይክሉ አፈናጦ ተራራው ላይ ያወጣት አንድ ቅዳሜ ማታ ነበር። እሷ ነርስ ናት። የተሰበረ እጁን ጄሶ ስታደርግለት ተዋውቀው፣ ጄሶው ከተፈታ በኋላም ሰበብ እየፈለገ መመላለሱን አልተወም ነበር። ዛሬ ድርብ ካልሲ አጥልቃ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ብርድ ልብስ ይዛ ስትመጣ፣ ቀለበት ሊያወጣ ነው ብላ በልቧ ጠርጥራለች።

እሱ ግን ይዞት የመጣውን ቴሌስኮፕ አስተካክሎ ጨረቃን ካሳያት በኋላ አንገቱን ደፋ።

«እማዬን አልቻልኳትም። አግብታ የፈታች ሴት ቤቴን አትረግጥም ብላ ምላለች።»

«አንተስ?»

የቴሌስኮፑን ክዳን አንስቶ መግጠም ጀመረ።

«ይሄን ልትነግረኝ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ?»

«ከተማ ውስጥ ልነግርሽ ስል አፌ እምቢ እያለኝ...»

«በል መልሰኝ» አለችው።

ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። ቢረግጠው፣ ቢገፋው፣ ወይ ፍንክች! ስልካቸውም ኔትወርክ የለው። ሰው ልፈልግ ብሎ ቁልቁል የወረደው መምህር፣ ጨለማው አሳስቶት ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ እስከ ወገቡ ርሶ ተመለሰ።

ንዴቷን ዋጠችው። እርጥብ ሱሪውን አስወልቃ አንዱን ሹራቧን እግሩ ላይ ጠቀለለችለት። ነፋስ በማይደርስበት ቋጥኝ ሥር አስቀምጣው ብርድ ልብሱን አብረው ተከናነቡ። ገና አሁን የተዋትን ሰው ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ ያዘችው።

ጥርሱ ሲንገጫገጭ ቆየ። ድንገት መንቀጥቀጡ ሲቆም ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው፤ ሰውነት እጅ ሲሰጥ እንዲህ እንደሚያደርግ ታውቃለች።

«እንዳትተኛ! ያ ቀዩ ማን ነው?»

«ማ... ማርስ።»

«እሱስ? አናታችን ላይ ያለው?»

«ተይኝ... ሞቆኛል።»

«አልሞቀህም! ንገረኝ ስልህ!» በጥፊ አጮለችው፤ ወዲያው የመታችውን ጉንጭ ሳመችው። «ከፈለግክ ነገ ተወኝ። ዛሬ ግን እንዳትሞትብኝ፣ በናትህ!»

«በናቴ... ነው ያልሽው?» ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

እየሳቀች አለቀሰች። ስለ ኮከቦቹ እየጠየቀች፣ እየቆነጠጠች፣ እግሩን እያሸች አነጋችው።

ጎህ ሲቀድ ድንጋይ ሊጭን የመጣ ሹፌር አገኛቸውና ሆስፒታል አደረሳቸው።

እናቱ እየተጣደፉ ገቡ። አልጋው አጠገብ የተቀመጠችውን ነርስ እንዳላዩ አልፈው ልጃቸውን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እሷም ቀስ ብላ ተነስታ ወደ በሩ አመራች።

«እማዬ» አለ መምህሩ፣ ፊቱን ወደ ጎን መልሶ። «እሷን ሳትስሚ እኔን እንዳትስሚኝ።»

«ምን አልክ?»

«ሰምተሽኛል።»

እናት እንዳጎነበሱ ቆይተው በዝግታ ቀና አሉ፤ ዞረውም ነርሷን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት። አልሳሟትም። ወደ በሩ ሄደው፣ በብርድ ደርቀው የቀሩ ጣቶቿን በሁለት መዳፎቻቸው መሃል ያዙና ያሹላት ጀመር።