ጥርሷን ያፋጨችው ፕሪንተር

ቢተው በገዛ ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ወደ ጓዳ በሚያስገባው የድንጋይ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ላሊበላ ላይ ወሬ ማን ይቀድመዋል! ገና ሳይመሽ ገዳይዋም ተያዘች ተባለ፤ የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ የሻረግ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት። ማስረጃው? ሰውዬው ሲሞት ፕሪንተሩ ይሠራ ነበር፤ ፕሪንተሩን የምታሠራው ደግሞ እሷ ናት። በቃ! እንዲህ ያለ ምርመራ ሲሰማ ደም ይፈላል።

ኢንስፔክተር ጽጌማርያም ከወልድያ ተጠርታ፣ ከጋሸና ወዲህ ያለው ኮረኮንች ወገቧን ቆርጦት፣ በማግስቱ ጠዋት ደረሰች። ሳጅን አረጋ በሩ ላይ ተቀበላት።

«ያለቀለት ጉዳይ ነው። ማታ ሲመለሱ ልጅቷን በመኪናዎ ይዘዋት ቢሄዱ ይሻላል።»

«ልጇስ?»

«ጎረቤት ይይዘዋል።»

ጽጌማርያም ፊቷን አጨፍግጋ ወደ ውስጥ ገባች። ቢተው ብራና ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን ፎቶ አንስቶ፣ በወፍራም የሥዕል ወረቀት እያተመ ለቱሪስት ይሸጥ ነበር። ፕሪንተሩ አፍ ላይ አንድ ክምር ወጥቶ ቀርቷል፤ ሁሉም ያው የእመቤታችን ሥዕል፣ ልጇን እንዳቀፈች። ግን ምን ዋጋ አለው! ቀለሙ ፈሶ ፊቷ ከልብሷ አይለይም፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ጥቁር የፍትጊያ ምልክት አለ። የወረቀቱን እሽግ አየችው። አንደኛው ፊት ነጭ ዱቄት የተቀባ ለስላሳ፣ ሌላው ሻካራ ነው። እሽጉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ለስላሳው ወደ ላይ ነው።

«ይኼን ለየሻረግ አሳይተሃታል?»

«ለምን ብዬ? የገዛ ሥራዋ አይደል?»

«ኤጭ!» አለች ጽጌማርያም።

የሻረግ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጣለች። ጡቷ ወተት ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል።

«ከቢተው ጋር ተጣልተሽ ነበር?»

«አዎ፤ ቀለም አባከንሽ ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ። ጥዬለት ወጣሁ። ወደ አሸተን ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ቆየሁ። ማን አየኝ? ማንም!»

«ወፍራሙ ወረቀት ላይ እንዴት ነው የምታትሚው?»

«አሁን ይኼ ምን ያደርጋል? ልጄ እየራበው ነው እኮ!»

«ግድ የለሽም፣ ንገሪኝ።»

የሻረግ በረጅሙ ተነፈሰች። «ፕሪንተሯ ዓይን የላትም። ምን ወረቀት እንደጎረሰች ኮምፒውተሩ ላይ መርጠው ካልነገሯት፣ ሁሉንም ተራ ወረቀት ነው የምታደርገው። ወፍራም የሥዕል ወረቀት ነው ካሏት ግን የምትረጭበትን ጭንቅላቷን ከፍ ታደርጋለች፤ ቀለሙንም ለወረቀቱ ትመጥናለች። ይኼን ከኔና ከከፋለ ሌላ ማንም አያውቅ።»

ከፋለ የሟቹ ወንድም ነው። ራሱን አሞት ቤቱ ብቻውን ተኝቶ እንደነበር ተናገረ፤ እሱም ምስክር የለውም። ፎቶ ቤቱ አጠገብ ጠላ የሚሸጡት እትዬ ይማርሽ የየሻረግን ልጅ አዝለው ነበር ጽጌማርያምን ያነጋገሯት።

«ድምፅ ሰምተዋል፣ እትዬ?»

«ሰምቼ ነው እንጂ! ያቺ ማሽን ወትሮ ሹክ ሹክ ነው የምትል፤ ትናንት ጥርሷን ስታፋጭ በግድግዳው ይሰማኛል። ወዲያው ሠዓሊው አዝመራው ጠላ ሊጠጣ ገባ። ምን ሆና ነው ብዬ ብጠይቀው፣ የሻረግ እየሠራች ነው አለኝ።»

አዝመራው ብራና ፍቆ ሥዕል የሚሥል ሰው ነው። የእመቤታችን ሥዕልም የሱ እጅ ሥራ ነው።

«ማሽን ነክቼ አላውቅም» አላት። «ሲሠሩ ቆሜ አያለሁ እንጂ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሽጉን ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«እያንዳንዳችሁ አንድ ወረቀት አንሡና፣ ቀለም የሚያርፍበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡልኝ። ሳጅን፣ አንተም።»

የሻረግና ከፋለ ለስላሳውን ወደ ላይ አደረጉ። ሳጅን አረጋ አላየውም፤ እንደመጣለት አንሥቶ እንደመጣለት አስቀመጠው፤ ለስላሳው ወደ ላይ። አዝመራው ግን ሁለቱንም ፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ሻካራውን ወደ ላይ ገለበጠው።

«ለምን ገለበጥከው?»

«ለስላሳ ፊት ቀለም አይዝም። ብራናም ካላሻከሩት አይዝ።»

«አባቴም ብራና ፋቂ ነበር፤ እሱም እንዲህ ነበር የሚል።» ከፕሪንተሩ የወጡትን ሥዕሎች አነሣች። «እነዚህ ሁሉ በሻካራው ፊት ነው የታተሙት። የሚያውቅ ሰው አይገለብጣቸውም። የማያውቅም አይገለብጥም፤ ሳጅን እንዳደረገው ከእሽጉ እንዳለ ያስገባል። የሚገለብጠው፣ አውቃለሁ የሚል ብራና ሠሪ ብቻ ነው።»

«እና እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ጠርዙ ላይ ያለው ፍትጊያ የፕሪንተሯ ጭንቅላት ወፍራሙን ወረቀት ሲፍቀው የመጣ ነው። የወረቀቱን ዓይነት የነገራት የለም፤ ጥርስ ማፋጨቱም ያው ነው። የሻረግ ብትሆን ትነግራት ነበር፤ ከፋለም እንዲሁ። አንተ ደግሞ ብዙ ቅጂ አዝዘህባት፣ እየሠራች ትተሃት ወደ ጠላ ቤት ሄድክ። እትዬ ይማርሽ ሲጠይቁህም የሻረግ ናት አልክ። ማን ነገረህ?»

አዝመራው ወደ ድንጋይ ደረጃው ዞረ።

«ለመንኩት እኮ!» አለ። «ክረምቱን ሙሉ ዓይኔን ያፈሰስኩባትን ሥዕል እሱ በአንድ ጠዋት ያረባታል። ፈረንጁ የኔን አይቶ፣ ያ ማዶ በርካሽ አለ ብሎኝ ይሄዳል። ፎቶዋን አጥፋልኝ አልኩት፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ሲወድቅ... አልተነሣም። ማሽኗ ከጮኸች ቢተው በሕይወት ያለ ይመስላል ብዬ ነው።»

«እሷስ?» አለች ጽጌማርያም የሻረግን እያሳየች። «ልጅ ያላት አይደለችም?»

አዝመራው ቀለሙ የፈሰሰውን ሥዕል በጣቱ ነካ። «ፊቷን አጠፋሁት» አለ፤ ሳጅኑ እጁን ሲያስረውም ዓይኑን ከሥዕሉ አልነቀለም።

እትዬ ይማርሽ ልጁን ከጀርባቸው አውርደው ለእናቱ ሰጧት። የሻረግ እዚያው ጥግ ይዛ ማጥባት ጀመረች።

ሳጅን አረጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እቴ።»

የሻረግ ቀና አለች። «ትናንት ያንን ወረቀት ብታሳየኝ ኖሮ፣ ልጄ ሲያለቅስ አያድርም ነበር» አለችውና ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች።