የሙሚና ወንበር

«ዘጠኝ ፐርሰንት ብቻ ቀረ!» አለች ናስራ በመኪናዋ ስክሪን ላይ ዓይኗን ተክላ።

«ዘጠኝ ለሌላ ሹፌር ነው፤ ለእኔ ዘጠና ነው» አለ ገዛኸኝ። «ይህቺን መኪና እኮ መሄድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ካርቱም ውስጥ ቤንዚን ከጠፋ ቆይቷል፤ ለማሽተት እንኳ አንዲት ጠብታ አይገኝም። የናስራ እናት ሉጥፊያ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ተቀጥራ የምትሠራባቸው ሰዎች ጦርነቱን ሸሽተው ወደ ግብፅ ሲወጡ፣ የኤሌክትሪክ መኪናቸውን ቁልፍ ለሹፌራቸው ለገዛኸኝ ሰጥተው «ነፍሳችሁን አውጡበት» ብለዋል። ዕቅዱ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጣቢያ ባትሪውን መሙላት፤ ከዚያ ወደ ጀብራ ሰፈር ተመልሶ ሀኒፋንና ልጇን ሙሚናን መጫን፤ ከዚያ ያላ፣ ጉዞ ወደ መዳኒ ከተማ። ሀኒፋና ሉጥፊያ ከወሎ አንድ ቀን ተነስተው፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ተካፍለው ሱዳን የገቡ ናቸው። ሙሚና ደግሞ የናስራ ጓደኛ ናት፤ ጥርሳቸውን እንኳ የነቀሉት በአንድ ሳምንት ነው።

ጣቢያው ጣሪያ ላይ የተደረደረው የፀሐይ ሰሌዳ ሰማዩን ሊሸፍን ትንሽ ነው የቀረው። የመሙያው ገመድ ውፍረት የዘንዶ ነው። ሙቀቱማ እንቁላሉን ትቶ ዶሮዋን ይጠብሳል። ከውሃው ቧንቧ ፊት የተሰለፈው ጀሪካን ግን ማጋነን አያስፈልገውም፤ መጨረሻው አይታይም ነበር።

«አንድ ሰዓት ብቻ» አሉ ጠባቂው ዓም አብዱልሰላም ገመዱን እየሰኩ። «ከዚያ ኸላስ፣ በቃ! ከህረባው፣ መብራቱ፣ ለውሃው ፓምፕ ነው።»

ሉጥፊያ ጀሪካኗን ይዛ ወረፋ ገባች። ናስራ የእናቷን ስልክ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ስልኩ ከሞተ አራት ቀኑ ነው። ሲበራ አንድ መልእክት ገባ፤ ከሙሚና፣ ዛሬ ጠዋት የተላከ። ሁለቱ ልጆች ካርቱም ስላደጉ የሚጻጻፉት በዓረብኛ ነው። ሉጥፊያ ዓረብኛ ስትናገር ገበያውን ሁሉ ታስቃለች፤ ማንበብ ግን አትችልም።

«ምን ይላል?» አለ ገዛኸኝ ከኋላዋ።

ናስራ ቀስ ብላ ወደ አማርኛ መለሰችለት። «ቤታችን ተመታ። የእማ እግር ተጎድቷል፣ መራመድ አትችልም። መስጊዱ ግንብ ሥር ነን። የትም አንሄድም፣ እንጠብቃችኋለን።»

ገዛኸኝ ወደ ውሃው ወረፋ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ተኝቶ እንኳ የሚጮህ ሰው ነው፤ ናስራ ሲያንሾካሹክ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

«ስሚኝ» አለ። «አንድ ሰዓት የሞላነው መዳኒ ያደርሰናል። ጀብራ ከተመለስን ግን መንገድ ላይ እንቀራለን። ከዚህ ወዲያ መሙያ የለም። ጀብራ መግቢያ ላይ ደግሞ ታጣቂዎች ትናንት ሚኒባስ አቃጥለዋል፤ ሰዎቹ ውስጥ እያሉ። እናትሽ ይህን ብትሰማ በእግሯም ቢሆን ትመለሳለች። ‹ሄደዋል› በያት።»

«ጋሽ ገዛኸኝ፣ ወላሂ እኔ…»

«እኔ የምፈራ ሰው እመስልሻለሁ?» አለ። መፋቂያውን ገልብጦ ያልታኘከውን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተ።

ናስራም መመለስ አልፈለገችም። ባለፈው ሳምንት ጥይት በኩሽናው መስኮት ገብቶ እሷ የምታጥበውን ድስት በስቶታል። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች።

ሉጥፊያ በጀሪካኑ ክብደት ጎብጣ መጣች። «ናስሪዬ፣ ስልኩ በራ? ምን አሉ?»

«ሄደዋል» አለች ናስራ። ቃሉ በቀላሉ ወጣ። «ትናንት፣ በአውቶቡስ።»

«አልሃምዱሊላህ!» ሉጥፊያ ጀሪካኑን አስቀምጣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ከአራት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ ጎርሳ ዋጠች። «ያቺ ሀኒፋ! እኔ ለእሷ እንቅልፍ ሳጣ እሷ ቀድማኝ ሄደች! ቆይ፣ መዳኒ ሳገኛት!» እያለች ለሙሚና የተተወው የኋላ ወንበር ላይ ትልቁን ሻንጣ ጫነች።

ዓም አብዱልሰላም ገመዱን ነቀሉ። ስልሳ ስምንት ፐርሰንት። ፓምፑ እያጓራ ተነሳ።

መኪናዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር ከውስጥ ደወል ጮኸ። ጢን፣ ጢን፣ ጢን።

«ደግሞ ምን ሆነች?» አለች ሉጥፊያ ከፊት ወንበር።

«ሻንጣው ከብዷት ነው። ሰው የተቀመጠ መስሏት ነው» አለ ገዛኸኝ። «ናስራ፣ ቀበቶውን እሰሪለት፤ ዝም ትላለች።»

ናስራ ቀበቶውን ስባ በሻንጣው ላይ አሳለፈችው። ከመስኮቱ ውጭ አስፋልቱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ መዳኒ፣ በቀኝ ጀብራ። የቀበቶውን ብረት ወደ መቆለፊያው አስጠጋችው።

ጢን፣ ጢን።

ለቀቀችው። ቀበቶው እየተንሸራተተ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እማ» አለች። ድምጿ የትንኝ ያህል ነበር፤ መኪናዋ ግን የሚጮህ ሞተር ስለሌላት ሁሉም ሰሙት። «የሙሚናን መልእክት በትክክል አላነበብኩልሽም።»

ገዛኸኝ መንታ መንገዱ ላይ ፍሬን ያዘ። ወደ ኋላ አልዞረም። ሉጥፊያ ግን ዞረች፤ ዳቦው በእጇ እንዳለ።

ናስራ ስልኩን ከፈተች። ደወሉ እየጮኸ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ማንበብ ጀመረች።