አንድ ሺህ ሦስት ጥሪ

እውነቴን ነው የምልህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያምን ሰው አይደለሁም፤ መካነ ሰላም ስናድግ ጂን አየሁ የማይል ልጅ አልነበረም፣ አባቴ ሼህ ሙሄ ግን ራሳቸው የቁርአን አስተማሪ ሆነው ሳለ «ያየኸው ጥላህን ነው፣ ሂድ ሉህህን ያዝ» ብለው ነበር የሚያባርሩት፣ በዚያ ላይ እኔ ኮምፒውተር ተማርኩና ጭራሽ ምክንያት የሌለው ነገር የለም ባይ ሆኜ ቀረሁ። ይህን የምነግርህም እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ ለማንም ስላልነገርኩት ነው።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመበት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ለማስተርስ መመረቂያዬን እየሠራሁ ሳለ አባባ ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው፣ ንግግራቸውም ተያዘ፣ እኔም ከእህቴ ከሰዓዳ ጋር ላስታምም ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ። ሥራዬ ምን መሰለህ፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚባል አለ፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ የሚዳሰስ አካል የለውም። የእኔ ድርሻ የዚያን ኮምፒውተር ፕሮሰሰር መፈተን ነበር፤ ሥራ ላይ እያለ ኢንተራፕት ይላክበታል፣ ጥሪ በለው፣ ሲጠራ የያዘውን ትቶ፣ የት ላይ እንዳቆመ ምልክት አድርጎ፣ መልስ ሰጥቶ፣ ወዳቆመበት መመለስ አለበት።

ለእኔ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። የአባባ ደረሶች፣ የቁርአን ተማሪዎቻቸው፣ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው በየሉሃቸው፣ በመማሪያ ጣውላቸው ላይ የተጻፈውን ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ አባባ ሰው ለመጥራት ድምፃቸውን አያነሱም፣ የራሳቸውን ሉህ፣ ያቺን ያረጀች ጣውላ፣ በጣታቸው አንጓ ይመቷታል፤ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ቆይተው አንድ። ያኔ ሁሉም ያለበት ፊደል ላይ ጣቱን አኑሮ ቀና ይላል፣ አባባ ዓይናቸውን የጣሉበት ልጅ «አቤት» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉም ከጣቱ ይቀጥላል። ሲታመሙም መጥሪያቸው ይችው ሆነች፣ አልጋቸው አጠገብ አደረግንላቸው፣ በደህናው እጃቸው ሲመቱ ተነስቼ እገባለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሰዓዳ ገበያ ወርዳ፣ መቱ። እኔ ፈተናውን አስጀምሬ ቁጥሩን እየተከታተልኩ ነበር፣ ብነሳ የሚበላሽ መሰለኝና «መጣሁ አባባ» አልኩ። ቆይተው ደገሙት። «መጣሁ» አልኩ። ከዚያ በኋላ አልመቱም። ፈተናው ሲያልቅ ገባሁ፣ እጃቸው ሉሂቱ ላይ ነው፣ ገና ይሞቃል፣ እሳቸው ግን የሉም። ውሃ ፈልገው ይሁን ሌላ፣ አላወቅሁም። ለሰዓዳ ተኝተው እያሉ ነው ያለፉት አልኳት። ቀብር ላይ አላለቀስኩም፣ ሰው ጎበዝ፣ ጠንካራ ነው ብሎ አመሰገነኝ፣ ግን ጥንካሬ አልነበረም፣ እጅህ ላይ ተኝተህ ስትነሳ እንደሚደነዝዘው ሁለመናዬ ደንዝዞ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፣ ሌላ የምሠራው አጣሁ። ጠዋት ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ላፕቶፑ በባትሪ ነው። አንድ ሺህ ጥሪ ላክሁ፣ ፕሮሰሰሩ ለአንድ ሺህ ሦስት መለሰ። ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ ደግሜ ላክሁ፣ አሁንም አንድ ሺህ ሦስት። መዝገቡን ከፈትኩ፣ ጥሪ ሁሉ ከየት እንደመጣ ይጻፋል፣ የሦስቱ ላኪ ግን ባዶ ነው። ሰዓታቸውን አየሁ፤ ሁለቱ ተከታትለው፣ ሦስተኛው ትንሽ ቆይቶ። ኢንተርኔት የለም፣ ላፕቶፑ ላይ የተሰካ አንድም ነገር የለም፣ እመነኝ፣ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ሳይቀር አጥፍቼ ሞክሬያለሁ። አልፈራሁም፣ እንዲያውም ምንም አልተሰማኝም፣ ዝም ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳሁት።

ሦስቱ ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ሲወጡ ሰዓዳ ከጓዳ ሆና፣ እንደ ወትሮዋ፣ «እንድሪስ፣ አባባ እየጠሩህ ነው፣ አትሰማም እንዴ?» አለችኝ።

ያኔ የላፕቶፑ ድምፅ ማውጫ ዝግ ነበር፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ሰዓዳ ከጓዳ ወጣች፣ እጇ ሊጥ በሊጥ ሆኖ በሩ ላይ ቆመች፣ የአባባን አልጋ አየች፣ ሉሂቱን ግድግዳው ላይ እንደሰቀልናት አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ያን ቀን ጠርተውህ ነበር?»

«አልጠሩኝም» አልኳት፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ። ወላሂ በል ብትለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ግን አላለችኝም፣ ተመልሳ ገባች።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ፕሮሰሰር ጥሪ እንዳይቀበል መዝጋት ይቻላል፣ ሲዘጋ ግን የመጣው ጥሪ አይጠፋም፣ በሩ እስኪከፈት ተመዝግቦ ይጠብቃል። ዘጋሁት። ከእኔ በኩል አንድም ጥሪ ሳልልክ መዝገቡ ላይ «የሚጠብቅ አለ» የሚል ምልክት በራ። ቨርቹዋል ማሽኑን ሳላጠፋ ባለበት ሁኔታ አስቀምጬ ላፕቶፑን ከደንኩት።

አማካሪዬ አዲስ አበባ ያንኑ ፕሮግራም በራሳቸው ኮምፒውተር ሞክረውት ልክ አንድ ሺህ ሆነ፣ በእሱ ተመረቅሁ። ላፕቶፑ ዛሬም አለኝ፣ በየዓመቱ ለዒድ ወደ ሰዓዳ ስሄድ ከመነሳቴ በፊት አንዴ እከፍተዋለሁ፣ ምልክቱ እንደበራ ነው፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። በሩን መክፈት አንድ ቁልፍ መንካት ነው፣ ከዚያ ለጥሪው መልስ መስጠት አለብኝ። «መጣሁ» እንዳልል፣ እሱን ሁለቴ ብያለሁ።